የእትዬ ሸዋረገድ ሰላምታ

ውድነሽ ጠዋት ስትነሳ የመጀመሪያ ሥራዋ የበሩን እጀታ በበረኪና መወልወል ነበር፤ ቀጥሎ የመብራት ማብሪያውን፣ የቧንቧውን መክፈቻ፣ ከዚያም ልጇ ናሆም የሚነካውን ሁሉ። ናሆም ከተወለደ ጀምሮ ሳንባው ደካማ ነው። ሐኪሙ «ይህ አሁን የገባው የሳል ወረርሽኝ ከያዘው አይችለውም» ካላት ወዲህ ከደጅ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጠላቷ ሆኗል። የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች «በረኪናውን መጠጣት ብቻ ቀርቷታል» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ!

ፊት ለፊቷ ይኖሩ የነበሩት እትዬ ሸዋረገድ ባለፈው ሳምንት በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ከመተኛታቸው በፊት ደጇ ላይ አግኝተዋት እጃቸውን ሲዘረጉላት፣ የእሷ መዳፍ በበረኪና ርሶ ነበርና፣ እንደ ወጉ የእጇን አንጓ ሰጠቻቸው። ትኩስ ጣቶቻቸው አንጓዋን ይዘው ቆዩ።

«ናሆሜ ደህና ነው? ሳልስመው ከረምኩ እኮ» አሏት።

ገብታ መዳፏን ፈተገች፤ ጣቶቿን፣ ጥፍሮቿን ሳይቀር። አንጓን ማን ልብ ይለዋል?

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ የወለወለችው ሁሉ ይረጥብ ጀመር። መጀመሪያ የውጭው እጀታ፣ ከዚያ የውስጡ፣ ከዚያ የጓዳው በር፤ በእያንዳንዱ ላይ የአራት ጣት እርጥብ ምልክት ይታያል፣ የትኩሳት ላብም ይሸታል። አንድ ቀን የናሆም የወተት ኩባያ ላይ አየችው። ኩባያውን በበረኪና ዘፈዘፈችው።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መብራት ሲጠፋ በሩን ቆለፈች፤ ጨርቋን ነክራ በጨለማው ውስጥ እየዳበሰች ስትወለውል ወለሉ ላይ የሚጎተት የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማች። ስትቆም ይቆማል። ስትራመድ ከአጠገቧ ይራመዳል። እሷ በባዶ እግሯ ነበረች።

ናሆም ሲስል ተሰማት።

ጨርቁን ጥላ ሮጠች። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ፣ እጇ በበረኪና ስለራሰ፣ በአንጓዋ ግንባሩን ዳሰሰችው፤ ቀዝቃዛ ነው። «ተመስገን!» ብላ እንባዋ መጣ፤ እዚህ ድረስ ምንም አላስገባችም።

መብረቅ ብልጭ ሲል ግን ናሆም ወደ እሷ አያይም ነበር፤ ከጎኗ ወዳለው ጨለማ ቀና ብሎ፣ በለሆሳስ፣ «እትዬ ሸዋረገድ፣ እጅዎ ያቃጥላል» አለ።