በጉልላቱ የተደበቀው አንቴና

ጄራልድ ፐርኪስ እሑድ ከሰዓት በኋላ በኔዘርኮምብ ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ ውስጥ፣ ከመሰላሉ ግርጌ ሞቶ ተገኘ። ስለ ማማችን ያልሰማ ካለ ይስማ፤ በመላው እንግሊዝ የሚተካከለው የለም፤ ደመና እንኳ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዞሮ ነው የሚያልፈው። አንድ ጊዜ ለካሁት የሚል ሰው መጥቶ ቁመቱን አሳንሶ ጻፈ። ያ ሰው በመንደራችን ሁለተኛ ሻይ አልተቀዳለትም።

ፐርኪስ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ ነበር። የስልክ አንቴናውን ጉልላቱ ውስጥ ያስደበቀው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ሸለቋችንን ኮረብታ ስለከበበው ሞባይል ማለት ሰዓት ማያ ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው ደግሞ የደወል ደዋዮቹ አለቃ ሄስተር ትራድጊል ናት። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሄስተር አንቴናውን እንደ ጋኔን ትጠላው ነበር፤ በስብሰባ ላይም ፐርኪስን «ስትወጣ ቀስ ትላለህ፤ ስትወርድ ግን ትፈጥናለህ» ብላዋለች። ስለዚህ ኢንስፔክተር ዶርካስ አፕልጋርዝ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ነው የጠበቃት። የፖሊሱ መኪና በር ተከፍቷል፤ የቀረው ሄስተርን መጫን ብቻ ነበር።

ዶርካስ አጭርና ድቡልቡል ሴት ናት፤ ከረሜላ ከአፏ አይጠፋም። ዓይኗ ግን ቁንጫ ስታዛጋ ያያል።

ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የፐርኪስ ጉልበት በርግብ ኩስ ተለውሷል፤ መዳፉ ቀልቶ ቀጫጭን የሚያብረቀርቁ ክሮች ተሰክተውበታል። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ አረንጓዴ መብራት ያለው ማብሪያ ማጥፊያ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከደወሎቹ በላይ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ አንቴናውን ያጠፋል፤ ሞገዱ ለሰውነት አይበጅም ተብለናል» አሉ ቄስ ላይል። «ሲወርድ መልሶ ያበራል።»

«አሁን በርቷል እኮ» አለ ከኋላቸው የቆመው ባዚል ኬትልዌል። «እንግዲያው ፐርኪስ ጭራሽ ወደ ላይ አልወጣም። ሄስተር እዚሁ ነው የመታችው።»

ባዚል ከከተማ የመጣ አርክቴክት ነው። የጉልላቱን አሮጌ የእርሳስ ማዕድን መዝጊያዎች አንስቶ ሞገድ በሚያሳልፍ ፋይበርግላስ የተካው፣ ቀለሙንም እርሳስ አስመስሎ የቀባው እሱ ነው። ይህን ሲናገር የእጁን አንጓ ያክክ ነበር።

ዶርካስ ሰዎቹን ተራ በተራ አነጋገረች። ሄስተር ቀደመች።

«እርስዎ ነዎት የገደሉት?»

«እኔ ብገድለው ደወል አስደውልበት ነበር እንጂ እንዲህ በዝምታ አልጨርሰውም።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ከድመቴ ጋር። ከፈለግሽ ድመቷን ጠይቂያት፤ ከዚህ መንደር ሰው እሷ ትሻላለች።»

«የሰሙት ነገር አለ?»

«ጎረቤቴ ኔትወርክ ጠፋብኝ ብሎ ሲራገም ሰማሁ። ደስ ብሎኝ ድንች ጨመርኩ።»

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሞይራ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች። «የካርድ መክፈያው ማሽን ሞተብኝ። ደንበኞቼ ጥብሱን በልተው ጣፋጩን ሲጠብቁ ሞተ፤ ጣፋጩን ሲጨርሱ ነቃ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ካርዱን ፊቴ ላይ እያውለበለበ ሰደበኝ። ደግሞ ልንገርሽ፣ ሄስተር ናት። ፊቷን አይተሽዋል?»

«ፊት አላስርም» አለች ዶርካስ።

ቄስ ላይል ከልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ተቋርጦባቸዋል። «ደግነቱ ስለ እናቷ ልትጀምርልኝ ነበር» አሉ።

ባዚል ጠረጴዛው ፊት እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«እኔ ኮረብታው ላይ በእግሬ እየተንሸራሸርኩ ነበር። በሞባይሌ የክሪኬት ጨዋታ አዳምጥ ነበር፤ በቀጥታ ስርጭት፣ ምሳ ሰዓቱን ሙሉ።»

«አልተቆራረጠብዎትም?»

«አንድ ቃል አላመለጠኝም። ምን የመሰለ አንቴና ነው የደበቅሁላቸው» አለና እጅጌውን ወደ ታች ሳበ።

ዶርካስ ከረሜላዋን ቆረጠመች። ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍታ መሰላሉን ያዘች። ያንን መሰላል ሰው የሚወጣው ተናዝዞ ነው፤ እሷ ግን ከነካፖርቷ ወጣችው። ወዲያው ከደጅ ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ «ደግሞ ማን ወጣ?» አለ፤ ሌላው ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ተሳደበ። ባዚል የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ረጅም ጊዜ አየው።

ስትወርድ ዶርካስ መዳፏን እያከከች ነበር። አንቴናውን አበራች፤ ሁሉንም ማማው ሥር ባሉት አግዳሚዎች ላይ አስቀመጠች።

«ፐርኪስ ወደ ላይ ወጥቷል» አለች። «እንዲህ ያለ የርግብ ኩስ ከደወሎቹ በላይ እንጂ በታች የለም። ሲወጣ አንቴናውን አጥፍቷል፤ የሞይራ ማሽን ምስክር ነው። ጣፋጩ ሲያልቅ ግን አንቴናው ተመለሰ። የሞተ ሰው አያበራም። ገዳዩ ወርዶ አበራው፤ ማንም ወደ ላይ አልወጣም እንድንል ፈልጎ ነው። አሁን ንገሩኝ፤ ሄስተር ብትሆን ታበራው ነበር?»

 ከኋላ አንዱ በግድ «ሄስተር? ነቅላ ነበር የምትጥለው» አለ።

«ነቅዬ እረግጠው ነበር» አለች ሄስተር።

«እሺ፤ ላይ ምን አለ? ጉልላቱን የተሸከመው የኦክ እንጨት ምሰሶ እስከ መሃሉ ተቆርጧል፤ ለአንቴናው ቦታ ለማስለቀቅ። ቁስሉ ቀለም በተቀባ ጣውላ ተሸፍኖ ነበር። ፐርኪስ ጣውላውን ገንጥሎታል። ምሰሶውን ያስቆረጠውን ሰው ጠርቶ አሳየው።» ወደ ባዚል ዞረች። «እርስዎ ሸለቆው በሙሉ ስልክ አልባ በነበረበት ሰዓት አንድ ቃል ሳያመልጥዎት ክሪኬት ሰምተዋል። የዚህ መንደር ሰው እንዲህ ብሎ አይዋሽም። እዚህ ሰው ጉልላት ሲወጣ ስልክ እንደሚጠፋ ሕፃኑም ያውቃል፤ ሰው ሲሳደብበት እየሰማ ነው ያደገው። እርስዎ የሚያውቁት መዝጊያውን ነው፤ ማታ የሚገቡት ከተማ ስለሆነ እዚህ ስልክ ሲጠፋ አይተው አያውቁም። እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

ባዚል አልሰበሰበም። ከዶርካስ ጋር የመጣው ፖሊስ ሰበሰበለት። ክንዱ እስከ ክርኑ ቀልቶ ተቧጭሯል።

«ፋይበርግላስ ሲሰበር የመስታወት ክሩ ቆዳ ውስጥ ይገባል» አለች። «ፐርኪስ ከላይ ሲገፉት መዝጊያውን ይዞ ነበር። እርስዎ እጁን አላቀቁት።»

«ሰኞ ለሀገረ ስብከቱ ሊነግርብኝ ነበር» አለ ባዚል። «በዚህ ሥራ ተሸልሜበታለሁ። ከታች ሆኖ የሚያይ ማንም አይለየውም ነበር።»

«ከታች» አለች ዶርካስ።

ተከፍቶ የቆየው የመኪና በር ባዚልን አስገብቶ ተዘጋ። ሄስተርን ይቅርታ የጠየቃት የለም። ሞይራ ብቻ «ያም ሆነ ይህ፣ ዛቻሽ ደስ አይልም ነበር» አለቻት።

«ያንቺም ጥብስ ደስ አይልም» አለች ሄስተር።

ዶርካስ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ምሰሶው እስኪጠገን አናጢዎች ላይ ታች ይላሉ። እስከዚያ አንቴናው ይጠፋል።»

«እስከ መቼ?» አሉ ቄሱ።

«ክረምቱ እስኪያልፍ፣ ቶሎ ከሠሩ። ወይዘሮ ትራድጊል፣ እርስዎ ያጥፉልን።»

ሄስተር ተነሣች። ቀሚሷን አስተካከለች፤ ሰው ሁሉ እያያት፣ ሳትቸኩል ተጫነችው። አረንጓዴው መብራት ጠፋ፤ በየአግዳሚው ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሁሉ አንድ ላይ ቀና አለ። እንደዚያ ዓይነት ጥላቻ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም፤ እሷ ግን ሞቅ አላት፣ ፊቷ ፈካ።

ከዚያ የትንሿን ደወል ገመድ ያዘች፤ በአገሩ ወግ ለሟቹ ልትደውል። በሕይወቱ ሳለ ሰላምታ ነፍጋው ለኖረችው ሰው፣ ቀስ እያለች፣ እያንዳንዱን ምት እስኪሞት ጠብቃ ደወለችለት። ድምፁ ፈረንሳይ ድረስ ተሰምቷል። አይ የሚል ካለ ደውሎ ይጠይቅ፤ ኔትወርክ ካገኘ።