የጋሽ ባምላኩ ቁርስ

ኢንስፔክተር ሙሐዲን ሸምሱ ሲደርስ ጋሽ ባምላኩ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። ግንባራቸው ላይ፣ ከቅንድባቸው ከፍ ብሎ፣ የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ ሁለት ቀይ ምልክቶች ይታያሉ። ሙሐዲን ከ18 ማዞሪያ ጭቃውን እያቋረጠ በእግሩ ነው የመጣው። ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ሳይጨርስ የሟቹ ልጅ ወንድይፍራው ጣቱን ወደ ምልክቶቹ ቀስሮ ጠበቀው።

«አቃጥላ ነው የገደለቻቸው» አለ። «በኤሌክትሪክ። ልጅቷ ያቻት፣ እንዳታመልጥ ይዘናታል።»

ልጅቷ ሳሎን ጥግ ላይ ሻንጣዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ስሟ ሄቨን ይባላል። የመርሳት ችግር ያለባቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞረች የምትረዳ የጤና ባለሙያ ናት። ሻንጣው ውስጥ ያለው መሣሪያ ከሞባይል ብዙም አይበልጥም። ሁለት ሽቦ አለው፤ የሽቦዎቹ ጫፍ ላይ በጨው ውኃ የሚነከሩ ስፖንጆች አሉ። ስፖንጆቹ ግንባር ላይ ታስረው ደካማ የባትሪ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ቆዳ አይበሳም፣ የሚዋጥ ነገር የለም። በዚያው መሐል ሽማግሌው ስም ያጠናሉ፣ ሥዕል ይለያሉ።

«ይሠራል?» አላት ሙሐዲን።

«ገና እየተጠና ነው። አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም።»

«ጋሽ ባምላኩንስ?»

ሄቨን ሻንጣዋን ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ አቀፈች።

ሙሐዲን ወደ ሬሳው ተመልሶ ሸሚዙን ዳሰሰ። ደረቱ እርጥብ ነው። ከስፖንጁ የተንጠባጠበ ውኃ ነው ቢባል ያስኬዳል። እጁን ወደ ጀርባቸው ሲሰድ ግን ያኛው የባሰ እርጥብ ሆኖ አገኘው። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ውጭ ካፊያው አላባራም፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቧል። በኮታቸው ኪስ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ አለ፤ ግማሹ ተበልቷል።

ከመስኮቱ ሥር አንድ ውሻ ዝናብ እየመታው ተቀምጧል።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

«አዝኖ ነው» አለ የቤቱ አባወራ ፍቅሬ፣ የሟቹ ልጅ የዘመነች ባል። «ሽማግሌውን ይወዳቸው ነበር። ብናባርረው አልነሳ አለን።»

ሙሐዲን ውሻውን ትክ ብሎ አየው። ጎድኑ የማይቆጠር፣ የጠገበ ውሻ ነው። ዓይኑን ከመስኮቱ ላይ አይነቅልም።

ሬሳው ለምርመራ ወደ ሆስፒታል፣ ሄቨን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰዱ። ሙሐዲን ዘመነችን ያነጋገራት ማድ ቤቷ ውስጥ ነው። አባቷን ቤቷ አድርጋ የምታስታምማቸው እሷ ነበረች። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን ሥራ አልፈታም።

«ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?»

«እንደ ሁልጊዜው። እንቁላል፣ ዳቦ፣ ወተት። ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ ‹ክኒኑን በባዶ ሆድ እንዳትሰጪያቸው› ብሎ አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ ቁርሱን አስቀድማለሁ። ሳህኑን ሲመልሱልኝ ክኒኑን እሰጣቸዋለሁ።»

«ሲበሉ አጠገባቸው ነበሩ?»

«ክፍላቸው ነው የሚበሉት። ሳህኑ ግን ልቅም ብሎ ነው የሚመጣው።»

«ክኒኑን ሌላ ሰው ይሰጣቸዋል?»

«በክኒኑ ማንንም አላምንም። እኔ ብቻ ነኝ» አለች ዘመነች።

ይህን ያለችው በኩራት ነበር። ሙሐዲን ብዙ ሰው ሲዋሽ ሰምቷል፤ ይህቺ ሴት አልዋሸችም። ምነው በዋሸች ብሎ የተመኘው በማግስቱ የሆስፒታሉ ሐኪም ሲደውልለት ነው።

«ቃጠሎ የሚባል ነገር የለም» አለ ሐኪሙ። «ቀዩ ነገር የስፖንጁ ምልክት ነው፤ በሕይወት ቢኖሩ ወዲያው ይጠፋ ነበር። ልባቸውም አንጎላቸውም ደህና ነው። የገደላቸው የስኳር መውረድ ነው። ክኒኑን ወስደዋል፣ ሆዳቸው ግን ባዶ ነው።»

«ቁርስ በልተዋል ነው የተባልኩት።»

«ማን እንደበላው እንጃ እንጂ እሳቸውስ አልበሉም።»

ባዶ ሳህንና ባዶ ሆድ። ወንድይፍራው ይህን ሲሰማ ክሱን ከሄቨን ላይ ሳያነሳ ጣቱን ወደ እህቱም ዘረጋ።

«ሁለቱም ይጠየቁልኝ» አለ። «ያቺ በኤሌክትሪክ አዳከመቻቸው፣ ይቺ በረሃብ ጨረሰቻቸው። እህቴ ድሮም ቂም አላት።»

«የምን ቂም?»

ወንድይፍራው አኩርፎ ፊቱን አዞረ። የነገረው ፍቅሬ ነው።

«ዘመነች ጌታን ስትቀበል አባቷ አዘኑባት። እሱንስ ቻሉት። አንድ የፍልሰታ ጾም ላይ ግን ድንገት ቢመጡ ሥጋ ስትበላ አገኟት። ‹ከእንግዲህ ደጅሽን አልረግጥም› ብለው ሄዱ፤ ለዓመታት ዝር አላሉም። በኋላ መርሳት ጀመራቸው። ጠቡንም ረሱት። አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ‹ርቦኛል› አሏት። ያን ዕለት ገቡ፣ በዚያው ቀሩ።»

«ጾሙንስ?»

«አብሮ ጠፋ። ሐኪሙም ከስኳሩ ጋር ጾም አይሆንም ብሎን ነበር። እኛም አላስታወስናቸውም።» ፍቅሬ አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ቤታችን ሰላም የሆነው እሳቸው ሲረሱ ነው።»

ሙሐዲን ወደ ጋሽ ባምላኩ ክፍል ገብቶ መስኮቱን ከፈተ። ውሻው ተነሥቶ ጅራቱን ቆላ። ከመስኮቱ ደፍ በውጭ በኩል፣ ዝናብ በማያገኘው ጥግ፣ የደረቀ የእንቁላል ፍርፋሪ ተጣብቋል።

ሄቨንን ጣቢያ ሲያገኛት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ትናንት ያልነገርሽኝ አለ» አላት። «ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ያላባቸው መቼ ነው?»

«መሣሪያውን ሳልከፍት በፊት» አለች ቀስ ብላ። «እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት› አሉኝ። ጀመርኩላቸው። ዓይናቸው ሲከደን ፈርቼ አጠፋሁት። ይረፉ ብዬ ሳሎን ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ አልነቁም። የእኔ መሣሪያ ያመጣው መስሎኝ ለማንም አልተነፈስኩም።»

«ስኳር ያለበት ሰው ላብ ሲያጠምቀው ምን እንደሚደረግ አታውቂም?»

«አውቃለሁ ጋሼ። ጣፋጭ ይሰጠዋል። ግን ቁርሳቸውን በልተዋል ተብዬ ነበር።»

ሙሐዲን የሚቆጣበትን ነገር ፈልጎ አጣ። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ትዝታቸው ተመልሶ ነበር፣ አይደል?»

ሄቨን ይሄኔ አለቀሰች። «በመጣሁ ቁጥር ‹ዛሬ ምን ቀን ነው?› ብዬ እጠይቃለሁ፤ ለሁሉም የሚጠየቅ ነው። መልሰውልኝ አያውቁም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ‹ረቡዕ ነው፤ ነሐሴ ገብቷል› አሉኝ። እኔ አጨበጨብኩ። እሳቸው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ‹ለልጄ እንዳትነግሪያት› አሉኝ። ሊያስደስቷት፣ ድንገት በስሟ ሊጠሯት መስሎኝ እሺ አልኩ። ስወጣ ‹ነገ ስትመጪ ቆሎ ግዢልኝ› አሉኝ።»

የሙሐዲን እናትም ስኳር ነበረባቸው። ረመዳን ሲገባ ልጆቻቸው አትጾሚም ብለው ምሳ ያቀርቡላቸዋል፤ እሳቸውም አመስግነው ይቀበላሉ። ምሳውን ለድመት ሲያበሉ በጊዜ የደረሰባቸው ሙሐዲን ራሱ ነው። ስለዚህ ሄቨን ተናግራ ሳትጨርስ ነገሩ ሁሉ ገባው፤ ገብቶትም ደስ አላለውም። እሷን ከእስር ለማስወጣት እውነቱ በከሳሹ ፊት መነገር አለበት። እውነቱ ደግሞ ዘመነችን ሳይነካ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ሌላ መንገድ አለ ብሎ መንገዱን ሁሉ አሰበ፤ በየት በኩል ቢዞር የሚመጣው እዚያችው ማድ ቤት ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሙሐዲን ሁሉንም በዘመነች ሳሎን ሰበሰባቸው። ወንድይፍራው ከእህቱ ርቆ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሄቨን ከአንዲት ፖሊስ ጋር መጣች።

«ከሸሚዙ ልጀምር» አለ ሙሐዲን። «የስፖንጅ ውኃ ቢሆን ጀርባ አይደርስም። ላብ ነው። በዚህ ብርድ ሰው እንዲህ የሚያልበው ስኳሩ ሲወርድ ነው፤ ላቡ ደግሞ መሣሪያው ከመከፈቱ በፊት የጀመረ ነው። ሐኪሙም የገደላቸው የስኳር መውረድ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ሄቨን አልገደለቻቸውም።»

«ታዲያ ማን?» አለ ወንድይፍራው።

«ይቆዩኝ። ሆዳቸው ባዶ፣ ሳህኑም ባዶ። ምግቡ ቀርቧል፤ እሳቸው አልበሉትም። የበላው ውጭ ያለው ውሻ ነው። ሐዘን ላይ አይደለም፤ ቁርሱን እየጠበቀ ነው። መስኮቱ ደፍ ላይ እንቁላሉን አይቼዋለሁ። እንግዲህ ጥያቄው፣ እንቁላል ለውሻ ሰጥቶ በኪሱ ቆሎ የሚደብቅ ሽማግሌ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለው ነው።»

ፍቅሬ ቀድሞ ገባው። እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ጾመኛ ነው» አለ ሙሐዲን። «ጋሽ ባምላኩ ባለፈው ሳምንት ቀኑን ለዩ። ነሐሴ መግባቱን አወቁ፤ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ቀኑ ሲመጣላቸው ጠቡም አብሮ መጣ፤ የዚህን ቤት ደጅ አልረግጥም ብለው እንደነበርም ትዝ አላቸው። አሁን ‹ጾም ነው፣ አልበላም› ቢሉ ያ ሁሉ ይነሣል። ስለዚህ አልተናገሩም። ሳህኑን ይቀበላሉ፣ በመስኮት ያቀብላሉ፣ ባዶውን ይመልሳሉ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ክኒኑን አልተጠራጠሩትም፤ የለመዱት ክኒን ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰውነታቸው ቻለው፤ በመጨረሻ አልቻለም።»

«የገደላቸው ሰው የለም ነው የሚሉኝ?» አለ ወንድይፍራው።

«የገደላቸው ሰው የለም። ሁሉም የሚገባውን ነው ያደረገው። ማሰር ብችል ይቀለኝ ነበር።»

ከዚያ ለፖሊሷ ምልክት ሰጣት። ሄቨን ነፃ ናት፤ ነገር ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ወንድይፍራው ጣቱን የሚቀስርበት አጥቶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣጠፈ።

ዘመነች አታለቅስም። መዳፏን ገልብጣ ታየዋለች።

«ክኒኑን በእጄ ነው ያጎረስኳቸው» አለች።

«በሕግ የሚያስጠይቅዎት ነገር የለም ወይዘሮ ዘመነች።»

«ስለ ሕግ አልጠየቅኩም» አለች። ከዚያ ለሙሐዲን ሳይሆን ለራሷ እንደምትነግር ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንደ ሠራተኛ ነበር የሚያዩኝ። ‹አንቺ ልጅ› ነበር የሚሉኝ። በሞቱበት ዋዜማ ጠዋት ሳህኑን ሲሰጡኝ ‹ዘመነች፣ እጅሽ ይባረክ፣ ጣፈጠኝ› አሉኝ። ስሜን ጠሩኝ። ቀኑን ሙሉ ስዘምር ዋልኩ። ለማግስቱ አንድ እንቁላል ጨመርኩላቸው።»