ያልተፈታው መቆንጠጫ

ራቢአ ልጇን ከመካ የመጣ የዘምዘም ውሃ አጠጥታ ገደለች ተብላ ስትያዝ አልተከላከለችም። «እኔ ነኝ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ዝም።

ምክትል ኢንስፔክተር ኢተፋን ያበገነው ይህ ዝምታ ነበር። የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ወጣቶች የቡራዩን መንገድ ስለዘጉት ሆስፒታሉ የደረሰው በእግሩ ነው። ትናንት በሩ ላይ ተኩስ ነበር። ከልብ ቀዶ ሕክምና እያገገመ የነበረው የራቢአ ልጅ ትንሹ ኡዘይር የሞተው ተኩሱ ካቆመ በኋላ ነው።

«ውሃው ሳንባው ገባ» አለ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ዮፍታሔ። «በእምነታቸው ደግሞ ቶሎ መቀበር አለበት።»

«አልጋው እዚሁ ነበር?»

«ንቅንቅ አላለም።»

ኢተፋ ዙሪያውን ቃኘ። ራቢአ ልጇ እንዲያየው የለጠፈችው የመኪና ሥዕል ያለው ማዶ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው፤ ከዚህ አልጋ ላይ አይታይም። ከልጁ ደረት ደም ያወጣ የነበረውን ቱቦ አነሳ። መሐሉ ላይ የብረት ጥርስ ያሳረፈው ምልክት አለ።

ነርሷን ሰናይትን ኮሪደር ላይ አገኛት።

«ቱቦ በመቆንጠጫ ስትዘጉ እንዳትረሱት ምን ታደርጋላችሁ?»

«የዘጋው ሰው አልጋው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ሳይፈታ ክፍሉን አይለቅም።»

«ሐኪሞችም?»

«ጨርቅ የምናስረው እኛ ነርሶቹ ብቻ ነን» አለች አንገቷን ደፍታ።

ዘበኛው ዱባለ ግን አልፈራም። «ኦቦ ኢተፋ፣ ልጁን ጥይት እንዳያገኘው ብለን አልጋውን ከመስኮቱ ለሦስት ገፋነው። እኔ ከግርጌ፣ ሰናይት ኦክስጅኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዶክተሩ ከጎን።»

በማግስቱ የራቢአ ባል ዲኖ ከሰበታ ደረሰ። ሚስቱን ሊያያት አልፈለገም። «እሷ እንዳትነካው» አለ። «እኔው አጥቤ እቀብረዋለሁ።»

ኢተፋ ራቢአንም ከእስር አስመጥቶ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ።

«አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ሳንባው ደረቅ ነው ብለዋል። ደም ነው ልቡን ከቦ ያፈነው። መውጫው ተዘግቶ ነበር። አልጋ ሲገፋ ደሙ ወደ ደረት እንዳይመለስ ቱቦው ይቆነጠጣል። ዱባለ ይህን አያውቅም። ሰናይት እጇ ተይዟል፤ ብትዘጋው ደግሞ ቀይ ጨርቅ ታስር ነበር። የታሰረ ጨርቅ ያየ የለም። አልጋው አልተነቃነቀም ያለኝ አንድ ሰው ነው። ቶሎ ይቀበር ብሎ ያጣደፈውም አባትየው አይደለም፤ ያው ሰው ነው።»

ዮፍታሔ ቱቦውን አየ። «ተኩስ ነበር... ሌሎች ሕፃናት ነበሩ። ረሳሁት።»

እስከዚያ አንቱ ሲለው የነበረው ኢተፋ አንቱታውን ጣለው። «መርሳትህን ፍርድ ቤት ይመዝነው። መቆንጠጫውን በድብቅ ፈትተህ እናቱን ያሳሰርከው ግን ረስተህ አይደለም። እኛም አህያውን ፈርተን ዳውላውን መታን።»

የዘምዘሙን ጠርሙስ ለራቢአ ሰጣት። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። «በጥጥ ከንፈሩን ብቻ ነው ያራስሽው፣ እህቴ። ዶክተሩን አምነሽ ጥፋቱን ወሰድሽ እንጂ አንቺ አልገደልሽውም።»

ራቢአ ጠርሙሱን ተቀበለችው። ከዚያ ዲኖን ሳይሆን ኢተፋን ጠየቀችው።

«ልጄን ማጠብ እችላለሁ?»

ኢተፋ ወደ ዲኖ ዞረ።

«ውሃውን እኔ አፈስልሻለሁ» አላት ዲኖ፣ ቀና ብሎ ሊያያት ሳይደፍር።