ያልተቀረቀረው በር

ንጽሕናን ለሰው ጤና ሳይሆን ለሰው ዓይን የሚጠብቅ ሹም በመጨረሻ ነፍስ ያጠፋል። የሚከተለው ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በነበረ አንድ ትንሽ ሆስፒታል ነው። ከክልል የመጡ ባለሥልጣን የእጅ መታጠብ ዘመቻን በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት መርቀው ወደ ምሳ ግብዣ ሄዱ። ወዲያው አንዲት አሮጊት በሽተኛ በጽዳት ዕቃ ክፍል ውስጥ ሞተው ተገኙ።

ኢንስፔክተር ደረሰ ሲደርስ ክፍሉ ገና ዓይን ያቃጥል ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል። ጥግ ላይ ካለው የውኃ መውረጃ የበረኪናና የአሲድ ሽታ ይተናል። አስከሬኑ ደፉ ላይ ተጋድሟል፤ አፋቸው በበሩ ሥር ወዳለው ክፍተት እንደ ዞረ ቀርቷል። ነጠላቸው በትከሻቸው ላይ መስቀለኛ ተጣፍቷል። የላስቲክ ጫማቸው ግን ከግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ኮሪደሩ የዚያን ዕለት ጠዋት በቀይ ሰም ተወልውሎ ስለ ነበር የጫማው ሶል ቀልቷል፤ የአሮጊቷ ውስጥ እግር ግን ንጹሕ ነው።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ» አለች የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሲስተር ቤቴል። «በሩን ስስበው ራሳቸው እግሬ ላይ ወደቀ።»

ደረሰ በሩን መረመረ። በውጭ በኩል የነበረው መቀርቀሪያ ከተነቀለ ቆይቷል፤ የምስማሩን ቀዳዳ ሸረሪት አድርቶበታል። ቁልፍም የለውም። እጀታውን ያዞረ ሁሉ ይከፍተዋል።

የጽዳት ሠራተኛዋ ቻይነሽ እጇ በካቴና ታስሮ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆማለች። ፖሊሶቹ ቀድመው የያዟት፣ መርዙን የደባለቀችው እርሷ ናት ተብሎ ነው። ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አርሶታል።

«ጌታዬ፣ አራስ ነኝ። ልጄ ከጎረቤት ነው፤ እስካሁን አልጠባም። ዛሬ ከታሰርሁ ማን ያሳድገዋል?»

«አሲዱን ከበረኪናው ማን ደባልቂ አለሽ?»

«ሥራ አስኪያጁ፣ አቶ ገነነ። ሲስተር እንዳይደባለቅ አስተምራናለች ብላቸው፣ ‹እንግዳ በር ላይ ቆሞ ልታስተምሪኝ ነው?› አሉኝ። አፍስሼ፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ውኃ ልቀዳ ወንዝ ወረድሁ።»

«ውኃ ለምን?»

«ለትልቁ ሰው እጅ መታጠቢያ ነዋ! በቧንቧው ከጠፋ ስንት ጊዜው።»

ደረሰ ወደ ቤቴል ዞረ። «ሟቿ ማን ናቸው?»

«እማማ ሸጋዬ ናቸው፤ የቋሪት ሰው። አስም አለባቸው። አልጋ ስለ ሌለ መሬት ላይ ነበር ያስተኛናቸው። ጠዋት ‹ያ ትልቅ ሰው ሲመጣ ውኃ የለም ብዬ እነግረዋለሁ› ብለው አስቀውን ነበር።»

«ማን ማን ሰማ?»

«እኔ፣ አቶ ገነነ፣ ከዞን የመጣው አስናቀውም።»

አስናቀው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው፤ ጠጉሩን የተቀባ ወጣት። ኢንስፔክተሩን ሲያይ አስቀድሞ እጁን ዘረጋ።

«ፕሊስ ኢንስፔክተር፣ ዜናው ማታ ይተላለፋል። ነገሩን አታጋንነው።»

«አሮጊቷን አንተ ነህ ያስወጣሃቸው?»

«እኔ ከካሜራው አልተለየሁም፤ ጋዜጠኞቹን ጠይቅ። መሬት የተኙትን ከካሜራው ፍሬም አውጡልኝ ብዬ ለአቶ ገነነ ነግሬያለሁ፤ በቃ።»

«የት እንደ ወሰዷቸው አልጠየቅህም?»

«ፍሬሙ ንጹሕ ሆነ። ሌላ ምን ልጠይቅ?»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ገነነ ከግብዣው ተጠርቶ ተመለሰ። ሙሉ ልብስና ከረባት የለበሰ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር፣ ወደዚህ ቦታ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር።

«ሟቿን ያውቋቸዋል?» አለው ደረሰ።

«በሽተኛው ብዙ ነው፤ ማንን በስም ላውቅ? መንገድ ተሳስታ ገብታ ይሆናል። ጥፋቱ የዚያች የጽዳት ሠራተኛ ነው።» ወዲያው አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ የወለተ ኢየሱስን ነፍስ ይማር።»

ደረሰ ወጥቶ ቤቴልን ጠየቃት። «እማማ ሸጋዬ ሌላ ስም አላቸው?»

«ሌላ ስም ሰምቼ አላውቅም። ሁላችንም ሸጋዬ ነው የምንላቸው።»

ባለቤታቸው አቶ እጅጉ ስንቅ ሊያመጡ ወደ አገራቸው ወደ ገበዝ ማርያም ሄደው ነበር። ከሰዓት በኋላ የበሶ ስልቻ በትከሻቸው ተሸክመው ከመኪና ሲወርዱ መርዶውን በር ላይ ሰሙ። ደረሰ ለቅሷቸው ጋብ እስኪል ጠበቀ። ከዚያም ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበና ሽማግሌውን ከደጅ አቆይቶ ንግግሩን ጀመረ።

«ሬሳውን ሳይ ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነው። ትንፋሽ ያጠራት ሰው በሩን አግኝታዋለች፤ አፏን ከሥሩ አድርጋ አየር ስትለምን ሞታለች። በሩ አልተቀረቀረም። ለምን አልከፈተችውም?»

ደረሰ የሟቿን ጫማ አንሥቶ ቀይ ሶሉን አሳያቸው።

«መንገድ ተሳስታ አልገባችም። ጫማዋ ሰሙን ረግጧል፣ እግሯ ግን አልረገጠም፤ ስለዚህ ጫማዋን ያወለቀችው ክፍሉ ውስጥ ነው። ነጠላዋንም መስቀለኛ አጣፍታለች። ባላገር ሴት በመጥረጊያና በባልዲ መካከል ጫማዋን አውልቃ መስቀለኛ የምታጣፋው በማን ፊት ነው?»

«በካህን ፊት» አለች ቻይነሽ ቀስ ብላ።

«በካህን ፊት። ያልተቀረቀረ በር የሚዘጋው በግዝት ነው። ‹ከዚህ ብትወጪ ገዝቼሻለሁ› የተባለች የቋሪት ሴት ትሞታለች እንጂ አትወጣም። ታዲያ ካህኑ ማን ነው? ሆስፒታሉ ሁሉ ሸጋዬ ሲላት፣ አንድ ሰው ግን ‹አላውቃትም› ባለበት አፉ ነፍስ ይማር ለማለት የክርስትና ስሟን ጠራ። ለሞተ ሰው በዓለም ስም መጸለይን አፉ አልለመደማ! አቶ እጅጉ፣ ይግቡ።»

ሽማግሌው ገቡ። ዓይናቸው ከገነነ ላይ ሲያርፍ ከረባቱን አላዩም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበቱን ሊስሙ ጎነበሱ።

«አባ! እርስዎ እዚህ እያሉ ነው ወለተ ኢየሱስ የሞተችብኝ?»

«ማን ናቸው?» አለ ደረሰ።

«ንስሐ አባታችን ናቸዋ፣ ቄስ ገነነ። ለትምህርት ብለው ከአገር ከወጡ ወዲህ ሌላ አልያዝንም፤ ይመለሳሉ ብለን።»

ገነነ ሽማግሌውን ከጉልበቱ ሥር አነሣቸው። «ለጥቂት ጊዜ ነበር» አለ። «ሰውዬው ፊት ልታዋርደኝ ነው ብዬ። እስክጠራሽ ብትወጪም፣ ድምፅ ብታሰሚም ገዝቼሻለሁ አልኋት። ሳሏ በመስኮት ወጥቶ እንዳይሰማ ዘጋሁት። ሽታው እኔንም አስሎኛል። እንግዶቹን ሸኝቼ ልፈታት ነበር። ከዚያ ለምሳ ተቀመጥን… ረሳኋት።»

ደረሰ ካቴናውን ከቻይነሽ እጅ ፈታ። ወደ ገነነ ሲራመድ ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

«ጌታዬ፣ ቆይ። እጃቸውን አሁን አትሰር።» ወደ ገነነ ዞሩ። «አባ፣ ፈትተዋታል?»

ገነነ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ሳይፈቷት ነው የሞተችው? ከነግዝቷ አፈር ላልብሳት ነው? ያሰሯት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ወዴት ሄጄ ማንን ልለምን? ይፍቷት!»

ገዳዩን የሚለምኑት ሌላ የሚለምኑት ስላጡ ነበር። ገነነ ወደ ዕቃ ክፍሉ በር ተራምዶ በአስከሬኑ ላይ አማተበና «ይፍታሽ» አለ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። ሽማግሌው አልሰሙም ነበርና፣ «እባክዎ፣ ይድገሙልኝ» አሉ። ደገመው። ከዚያ በኋላ ታሰረ።

ያን ዕለት ማታ ባለሥልጣኑ ከወንዝ በተቀዳ ውኃ እጃቸውን ሲታጠቡ በቴሌቪዥን ታዩ። ሆስፒታሉ በንጽሕና አርአያ ተባለ፤ ስለ ሞተችው ሴት የተነገረ ነገር አልነበረም። ቻይነሽ ከእስር ብትፈታም የንጽሕና ደንብ ጥሰሻል ተብላ ከሥራ ተባረረች። ቧንቧው እንደ ደረቀ ቀረ።

ገነነ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሶ ጥፋተኛ ሆነ። ስለ ግዝቱ በክሱም በፍርዱም የተጻፈ ቃል አልነበረም፤ ሕጉ ስለ እርሱ አይናገርምና። ቤተ ክህነት ክህነቱን ያዘችበት። ፍርድ ቤቱ ሦስት ዓመት እስራት ፈረደበት።