ፍትሐት የተደረገለት ድንጋይ

«የቀረውስ?» አሉ መምህር አፈወርቅ፣ የጠቆረውን የአጥንት ስባሪ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው።

«ተቀብሯል» አለች ፀሐይወርቅ።

«ተቀብሯል ማለት?»

«ፍትሐት ተደርጎለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። አክስቴ ‹የወንድሜ አጥንት ነው› ብለው።»

መምህሩን ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። በክረምቱ የጀማ ገደል ተንዶ አጥንቱን ሲያወጣው ቀድመው የደረሱት ቀባሪዎቹ ነበሩ። የተረፈውን ወንዙ ጠርጎታል። ከሁሉም ዓይን አምልጦ ፀሐይወርቅ ያነሣችው ይህ ስባሪ ብቻ ነው።

«ስሚኝ ልጄ። ይህ ሰው አይደለም፤ ድንጋይ እስኪሆን የቆየ አውሬ ነው። ይህ ከዓለም ከተማ በታች የምታዪው ገደል አንድ ዘመን ባሕር ነበረ፤ የምድራችን ታሪክ የሚነበበው እዚያ ላይ ነው። ሰኞ ከአዲስ አበባ አንድ የመሬት አጥኚ ይመጣል። መቃብሩ ካልተከፈተ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሁለተኛም አይመጣም። ይህን ለአክስትሽ አሳዪአቸው። ክብደቱን ሲያዩ ያምኑሻል።»

ተገኘ የሚባለው የክፍል ጓደኛዋ ደጅ ላይ ጠበቃት። «እሺ፣ የድንጋይ ለቀስተኛ! ለተዝካሩ በሬ ነው በግ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አትለቀውም ነበር። ዛሬ ስባሪውን በነጠላዋ ጠቅልላ አለፈችው።

አክስቷ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ደጃፋቸው ላይ ለተዝካሩ ጌሾ ያሰጣሉ። ወንድማቸው ቅጣው በጠላት ዘመን ወደ ገደሉ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ከላያቸው ያልወለቀው ጥቁር ቀሚስ በአርባው ሊቀየር፣ አዲሱ ነጭ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።

«ነይ ፀሐዬ፣ ቁጭ በይ። ሰሞኑን እኮ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ‹አሁን የት ወድቆ ይሆን የሚመታው?› ማለት ቀረ።»

ፀሐይወርቅ መንገዱን ሙሉ ያጠናችውን ንግግር ትታ በሌላ ጀመረች።

«አክስቴ፣ ያ አጥንት… በጣም ትልቅ አልነበረም?»

«ወንድሜስ ትልቅ አልነበረም? በዚህ በር አጎንብሶ ነበር የሚገባው!» ሣቁ። ከዚያ ዓይናቸው ነጠላዋ ላይ አረፈ፤ ድምፃቸውም ሰለለ። «ምን ይዘሻል? የቀረ ነገር አለ እንዴ?»

ሰኞ የሚመጣውን ሰው አሰበች። ቀስ ብላ ነጠላዋን ፈታች።

እትዬ ወለተጊዮርጊስ ስባሪውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ውይ፣ እንዴት ይከብዳል!»

መናገር ከነበረባት አሁን ነበር።

«ብርድ ገብቶበት ነው፣ አክስቴ። ከቀረው ጋር እንቅበረው» አለችና ዶማውን ከጓዳ ልታመጣ ተነሣች።