ባለ ሁለት ስርጉዷ ሴት

የስቱዲዮው ሰዎች «ኩርፌ» ያሏት ዝም ብለው አልነበረም። ጠዋት ገብታ፣ ጃኬቷን ሰቅላ፣ ቀጭን ብሩሽ ጆሮዋ ላይ ሰክታ መስኮቱ ፊት ለፊት ከተቀመጠች በኋላ እስከ ማታ ፊቷን ወደ ማንም አታዞርም። የተቀየመች ይመስላቸዋል። ምን ቂም አላት! በስተግራዋ የሚሠራውን ልጅ ዓይን ለዓይን ካየችው ጉዷ እንደሚፈላ ስለምታውቅ ነው እንጂ።

ልጁን «ዝምታው» ይሉታል። ሁለቱ አንድ ሰሌዳ ላይ ነው የሚሠሩት። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የጣሊያን መሳፍንት ጣራና ግድግዳቸው ላይ ያሳሉትን የቀልድ ጌጥ በእጅ እየቀዱ ለሆቴልና ለሀብታም ቤት ይስላሉ፤ ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ሐረግ፤ ዋሽንት የሚነፋ ዝንጀሮ፤ ቀንድ አውጣ የሚጋልብ ሕፃን። ፊትና ገላ የሱ ነው። ወፉ፣ ዝንጀሮውና ቅጠሉ የሷ።

የስቱዲዮው ባለቤት ጋሼ «ሥዕሉ እንደፈለገው ይቀልድ፤ ግራና ቀኙ ግን እኩል ይሁን!» ይላሉ። ስለዚህ ሐረጉን በግማሹ ብቻ ወረቀት ላይ ይነድፉና መስመሩን በመርፌ በስተው በቀዳዳው የከሰል ዱቄት ያሳልፋሉ። ወረቀቱን ሲገለብጡት ሌላው ግማሽ ይወጣል። እንዲህ የማይሠራው ፊት ብቻ ነው። «የሰው ፊት ግራና ቀኙ አንድ አይደለም። ከገለበጣችሁት ሌላ ሰው ይሆንባችኋል» ብለው ጋሼ አስተምረዋቸዋል።

አንድ ቀን ዝምታው አዲሷን የሐረግ ሴት ጨርሶ ሰሌዳውን ወደ ኩርፌ ገፋ አደረገላት። ቅጠሉን ልትጀምር ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ሴትየዋ ታምራለች። ፈገግ ብላለች፤ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ስርጉድ አለ።

እዚያ ቤት ሁለት ስርጉድ ያላት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ታችኛው ክፍል ያለችው ወርቅ ቀቢ። በየቀኑ ወርቋን ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች፣ የዝምታውን ጠረጴዛ ትደገፋለች፣ ትስቃለች። ለማንም ቃል የማይወጣው ልጅ ለሷ ሲሆን ይመልሳል። ኩርፌ ስርጉድ ያላት በግራ ጉንጯ ብቻ ነው። እናቷ «እግዜር አንቺን ሲሠራ መሀል ላይ ደከመው» እያለች ትቀልድባት ነበር።

«ምነው? አልወደድሽውም?» አለ ዝምታው።

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ አንተ ወደኸው የለ!» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ቅናት አንጀቷን አሳረራት። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ብቻዋን ቀረችና ለሴትየዋ የፍየል ጢም አበቀለችላት። አልበቃትም፤ ቀንድ ጨመረችላት። አፍንጫዋ ላይ ዝንብ አሳረፈችባት። አሁን ትሳቅ እስቲ!

ጋሼ ሲመለሱ ሰሌዳውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። ኩርፌ ቁጣውን ለመቀበል አንገቷን ደፋች።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ። «ቀልድ ማለት ይሄ ነው! ያዘዘን ባለሆቴል ይሞትለታል። ጥንድ አድርገን እንሠራለታለን።»

ዝምታው ግን አልሳቀም። ጢሙን ትኩር ብሎ አየና ወጣ። ኩርፌ ለወርቅ ቀቢዋ አዝኖ ነው ብላ እርር ድብን አለች።

ቤት ስትገባ ታላቅ እህቷ ገና ከበሩ አወቀችባት።

«ማነው ደሞ ዛሬ ፊትሽን እንዲህ ያጠቆረው?»

«ተይኝ እታለም። ያ ሌላው ስቱዲዮ ነይ ብሎኝ የለ? ልሄድላቸው ነው።»

«ለልጁስ ነግረሽዋል?»

«ምን ብዬ? እሱ ወርቅ ቀቢዋን እየሳለ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ኩራትሽ ቆመሽ መቅረትሽ ነው!»

በማግሥቱ ለጋሼ መልቀቋን ነገረቻቸው። ለመኗት፤ እምቢ አለች።

«እንግዲያው ጥንዱን ጨርሰሽልኝ ሂጂ» አሉ አዝነው። «ዝምታው ሆቴሉ ጋ ጣራ ሊለካ ሄዷል። ፊቷንም አንቺው ሥሪው፤ ንድፉ መሳቢያው ውስጥ አለልሽ።»

ያችን ፊት በገዛ እጇ! ጥርሷን ነክሳ መሳቢያውን ከፈተችና ወረቀቱን ዘረጋችው። ግማሽ ነው።

ሌላውን ግማሽ ፍለጋ መሳቢያውን በረበረች። የለም። አንድ ዓይን፣ የግራ ጉንጭ፣ አንድ ስርጉድ። ጆሮዋ ላይ ደግሞ ቀጭን ነገር ተሰክቷል። ሰሌዳው ላይ በግራም በቀኝም ቀንበጥ ሆኖ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ብሩሽ ነው።

እጇ ሳታዝዘው ወደ ጆሮዋ ሄደ። ተነሥታ መታጠቢያው መስተዋት ፊት ቆመችና ቀኝ ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነች። ፈገግ ልትል ስትሞክር እንባዋ ቀደማት። ለካ ስትቃጠል የሰነበተችው በገዛ ጉንጯ ኖሯል። ጢም ያበቀለችውም በራሷ ላይ!

ዝምታው ከሰዓት በኋላ ሜትሩን እንደያዘ ገባ። ጋሼ በር ላይ ነግረውታል መሰለኝ፣ ፊቱ ጠቁሯል። ኩርፌ እንደ ወትሮዋ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀምጣለች፤ ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነው።

«ፊት በግማሽ አይነደፍም» አለችው። «ጋሼ ስንቴ ነገሩን?»

ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ።

«መልስልኝ እንጂ! ለወርቅ ቀቢዋ ሲሆን አፍ አለህ አይደል?»

«እሷማ የምትጠይቀኝ ስላንቺ ነው። መቼ ነው የምትነግራት እያለች ትስቅብኛለች።»

ኩርፌ ወረቀቱን ከጭኗ ላይ አነሣችው።

«ታዲያ ለምን ሙሉውን አልሳልከኝም?»

«ሌላውን ጎንሽን መቼ አሳየሽኝና? እዚህ ከገባሽ ጀምሮ የማየው ይሄንን ብቻ ነው። ስለማላውቀው ገለበጥኩት። ሌላ ሴት ሆነችብኝ።»

ኩርፌ ጣቷ ላይ የቀረውን ከሰል አሸት አሸት አደረገች። ከዚያ ወንበሯን አንሥታ አዞረችና ሙሉ ፊቷን ሰጠችው፤ ዓይኗ እንዳበጠ፣ ጉንጯ ከሰል እንደነካው።

«በዚህኛው በኩል ስርጉድ የለኝም» አለች።

ዝምታው አይቶ አልጠግብ አለ። በመጨረሻ እጁን ዘርግቶ ብሩሹን ከጆሮዋ ላይ ወሰደና አዲስ ወረቀት ሳበ።

«አትንቀሳቀሺብኝ» አላት።

«አልንቀሳቀስም። የትም አልሄድም።»

ሁለቱ ሰሌዳዎች ዛሬ ሆቴሉ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛዋ ባለ ሁለት ስርጉድና ባለ ጢም ናት። ሁለተኛዋ ጢም የላትም፤ ስርጉዷም አንድ ነው። ጋሼ «ጥንድ ተብሎ ተለያየ!» እያሉ ቢያጉረመርሙም ዝምታው ፊቷን ማንንም አላስነካ አለ። የኩርፌ ወንበርም ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ መስኮቱ አልተመለሰም።