ለጤናዬ የተመረጠው ማዞሪያ

በደርግ ጊዜ ነው፤ በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት። ጤናዬ ገሠሠ ደባርቅ ላይ ማስተማር በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ተስቦ ያዛት። እሷ ከሞት ተረፈች፤ መስሚያዋ ግን ተጎዳ። ተማሪዎቿ ፊቷ ቆመው ሲናገሩ ከከንፈራቸው ታነብባለች። ያስጨነቃት የሬዲዮ ትምህርቱ ነበር፤ ሬዲዮ ከንፈር የለውም። ርዕሰ መምህሩም ይህን አይተው፣ ክፍሏን ለሌላ ሰው ሰጥተው እሷን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያዛውሯት እንዳሰቡ ነገሯት።

ጤናዬ አላለቀሰችም። ሬዲዮውን አቅፋ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የማለደ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ሄደች።

ማለደ በሠራዊቱ ውስጥ የመገናኛ ባለሙያ የነበረ፣ እግሩን ቆስሎ የተሰናበተ የዳባት ልጅ ነው። ችግሯን ሰምቶ መላውን ነገራት። ከሬዲዮው ጋር የሚገናኝ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይሠራላታል፤ ተማሪዎቹ እንደ ወትሮው ሲሰሙ እሷ በጆሮ ማዳመጫ ትከታተላለች። ሲያወራት ፊቱን ከብርሃኑ አላራቀም። ማንም ሳይነግረው እንዲህ ማድረጉን ልብ አለች።

የጤናዬ የቤት መንገድ በመናኸሪያው በኩል አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ትዞር ጀመር።

በመጨረሻ የቀረው ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማዞሪያ ነበር። ማለደ ሁለት ዓይነት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው ሳያቋርጥ የሚዞር ባለ ካርቦን ነው፤ አቧራ ሲገባውና ሲያረጅ ይንኮሻኮሻል። ሁለተኛው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በደረጃ ይጨምራል፤ እንዲህ በቀላሉ አይበላሽም። እሱ ለእሷ የመረጠው ሁለተኛውን ነበር።

ጤናዬ ማዳመጫውን አድርጋ ሁለቱንም ሞከረች። ባለ ደረጃው በአንዱ ቀጭታ ቃሉን አያሰማትም፤ በሚቀጥለው ጆሮዋን ይወጋታል። የእሷ ልክ በሁለቱ መካከል ነው። ሌላውን በጣቶቿ ቀስ አድርጋ ስታዞረው፣ የሊማሊሞ ጭጋግ ሲገፈፍ ገደሉ ወለል እንደሚል፣ ቃላቱ አንድ በአንድ ተለይተው መጡላት።

«ይኼኛውን ነው የምፈልገው» አለች።

«ይኼ ብዙ አይቆይም፤ ይበላሻል።»

«ሲበላሽ ትቀይርልኛለህ።»

ማለደ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጤናዬም ሳትቸኩል ጠበቀችው። ፊቱን ሲመልስ ያልነገራትን ነገራት፤ ጎንደር ያለ ትልቅ የጥገና ቤት ጠርቶታል፤ ወሩ ሲያልቅ ይሄዳል። ጠጋኝ የማያሻውን ማዞሪያ የመረጠላትም ለዚህ ነበር።

«ስሄድ በምንም እንዳትቸገሪ ብዬ ነው» አላት።

ጤናዬ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ የማይበላሽ ዕቃ አልፈለግሁም፤ የሚያሰማኝን ነው የፈለግሁት። ሲበላሽ ደግሞ የሚያበጅልኝን ሰው። ጎንደርን ወደኸው ከሆነ ሂድ። ከእኔ ለመሸሽ ከሆነ ግን አትሂድ።»

ማለደ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እውነቱን አወጣው። እግሩ ስንኩል፣ መሬት የሌለው ሰው የአቶ ገሠሠን ልጅ ለትዳር ለመጠየቅ አፍሮ ነበር።

«አባቴን ፍራ» አለችው ፈገግ ብላ። «እኔን ግን አትፍራኝ።»

ማለደ መበየጃውን አጋለና ባለ ካርቦኑን ማዞሪያ ገጠመው።

ሰኞ ዕለት ጤናዬ ማዳመጫዋን አድርጋ ክፍሏ ገባች። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ተቀምጠው ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ፤ የግምጃ ቤቱን ነገር ዳግመኛ አላነሱትም።

ሽማግሌዎች የተላኩት ከጥምቀት በኋላ ነው። አቶ ገሠሠ ብዙ አስጠበቋቸው፤ ብዙም ጠየቋቸው። በመጨረሻ፣ ይህ ልጅ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል እንዳይሆን፣ ኑሮውን የት ሊያደርግ ነው አሉ።

ሽማግሌዎቹ እዚሁ ደባርቅ ነው ብለው መለሱ። ጤናዬ ጓዳ ስለነበረች መልሱን አልሰማችም። መስማትም አላስፈለጋት፤ ታውቀው ነበር።